ሁለተኛው ካርታ

ከሆህሃለን መንደር፣ ጥዱን ጫካ አልፈው፣
አሥራ አራት ሳህኖች ቆመዋል ተሰልፈው።
ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ መኪናም አይገባም፤
የኛ ጫጫታ ካለ የኮከብ አይሰማም።

ሁለት ካርታ አለኝ፤
አንደኛው የኔ ነው፣ ዘንድሮ የሳልኩት፤
ሌላው የሉበርት ነው፣ አርባ ዓመት አልፎት፣
ከቴፕ ጥቅል ውስጥ አራግፌ ያወጣሁት።
የሁለቱም ሥዕል አንድ ቀለበት ነው፣
ሰው ካየው አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣
በካሲዮፒያ ጉያ የፈነዳ ኮከብ፣
ሞቶም ያላረፈ፣ ጠፈርን የሚከብብ።

ባንድ ሰከንድ ውስጥ ከሊዝበን እስከ ሞስኮ
ይሮጣል ፍርስራሹ፣ ይሮጣል ታውኮ፤
ከዚህ ሆኜ ሳየው ያመት ሙሉ ሩጫው
ከሃምሳ ሜትር ማዶ የፀጉር ውፍረት ነው።
እንቁላል በእግሩ ሲሄድ እርምጃውን ማን ለካው?
ሁለቴ ያላየ ሰው አንዴም አላየው።

ስለዚህ አሮጌውን ካዲሱ ቀነስኩት፤
የተረፈውን ቅሪት ስክሪን ላይ ዘረጋሁት፤
ምዕራቡ በራ፣ ጠርዝ ጠርዙ ነጣ፤
ምሥራቁ ጠቆረ፣ ወደ ኋላ መጣ።

ወደ ኋላ?
የፈነዳ ነገር ወደ ሆዱ ይመለሳል?
ሦስት ሌሊት ቁጥሬን ጠየቅሁት፤
ሦስት ሌሊት ያንኑ መለሰልኝ።
በአራተኛው ቀን ሉበርት ቤት ሄድኩ።

ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩን በክርኑ ይከፍታል፣
ጣቶቹ አይታዘዙትም።
የሳሎኑ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ መስኮት ተሰንጥቋል፤
ጋዙን ከሥሩ ሲቀዱት መሬቱ ይንቀጠቀጣል አለኝ።
በስንጥቁ ጫፍ፣ በእርሳስ፣ ቀን ተጽፏል፤
መጋቢት እዚህ ደረሰ፣ ሰኔ እዚህ፣ ጥቅምት እዚህ።
«ካልለካሁት መቼ ያምኑኛል!»

ካሲዮፒያን ግሪኮች በተረታቸው
የኢትዮጵያ ንግሥት እንደሚሏት ነገርኩት፤
ወንበሯ ላይ ታስራ ሰማይ እንደምትዞር።
«ዘመድሽ ናታ!» ብሎ ሳቀብኝ፤
«እንግዲያው ስለ ለቅሶዋ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከዚያ አረንጓዴውን ደብተር አወጣ።
ታኅሣሥ። ብርድ። ሰባተኛው ሳህን በረዶ ተሸክሟል።
ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፦
የኤግበርት ያጥር ኤሌክትሪክ እስኪነጋ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።
«ያን ሌሊት የለካነው ኮከብ አይደለም፤
የኤግበርትን ላሞች ነው።»

ተመልሼ ሰባተኛውን ተውኩት፣ ያን ሌሊትም ተውኩት፤
እንደገና ቀነስኩ።
ምሥራቁ አልሸሸም።
ዘግይቷል ብቻ፤ ከፊቱ የቆመ ከባድ ደመና አለ፣
በትከሻው ይገፋዋል፣ እየገፋም ይደክማል።
በመቶ ዓመት ካሥር እጁ አንድ እጅ ይሰፋል ቀለበቱ፤
ይኸው ነው መልሴ። ሁለት መስመር አይሞላም።

ስወጣ መሽቷል። ሳህኖቹ ያሉበት ሜዳ
በጦርነቱ ጊዜ ካምፕ ነበር፤
ማክሰኞ ማክሰኞ ባቡር ይነሳ ነበር ወደ ምሥራቅ።
ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድንጋይ ቆሟል፣
መቶ ሁለት ሺህ ድንጋይ፣
የሐዲዱም ጫፍ ወደ ሰማይ ተጣሟል።
የኛም ሳህኖች ሐዲድ አላቸው፤
አራቱ ይገፋሉ፣ ይመለሳሉ።
ይመለሳሉ።
ድንጋዮቹ መሐል ቆሜ ልቀንስ ሞከርኩ፤
ልማድ ነው፣ እጄ አልተወኝም።
ከምን ላይ ልቀንስ? የነሱ ሁለተኛ ካርታ የለም።

ነገ ሦስተኛውን ካርታ የሚስለው ሰው
ገና አልተወለደ ይሆናል።
ሴትም ትሁን ወንድ፣ እኔን አይጠይቀኝም፤
ጣቴ አይታዘዘኝም ያኔ፣ ወይም አልኖርም።
ስለዚህ ከመተኛቴ በፊት ደብተሩን ገልጬ
ከሉበርት ጽሕፈት ሥር ጻፍኩ፦

ኅዳር አሥራ አራት። ነፋስ ከምዕራብ።
ሰባተኛው ሳህን ሲዞር ትንሽ ያቃስታል።
ላም የለም።